ከደንቢያ የመጡት ምንዥላቴ እና የዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ

የደንቢያዋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። የዘር ሐረጋቸውን ፈልገው ያገኙ ሰዎች እዚህ እንዳሉ አይቻለሁና ልጠይቅ። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ግማሹን ነግሬ ግማሹን ብተወው ግን መልሱም ግማሽ ይሆንብኛል።

የምፈልገው ምንዥላቴን ነው፤ የእናቴን እናት አያት፣ በአባቷ በኩል። ስማቸውን ለጊዜው አላወጣም፤ ከታላቅ ወንድሜ ጋር የተስማማነው እንደዚህ ነው። አያቴ ያረፈችው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ አእምሮዋ ንጹሕ ነበር። የምትነግረኝ ታሪክ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነትና አጭር ነበር። «አያቴ የደንቢያ ሰው ናቸው። ቴዎድሮስ የሞቱ ዓመት ተወለዱ። ጎንደር ሲቃጠል ሚስታቸውን በበቅሎ አስቀምጠው፣ ዳዊታቸውን አንግተው ወጡ። ሚስታቸው መንገድ ላይ በክፉ ቀን ሞተችባቸው። እንጦጦ ደርሰው ሌላ አገቡ፣ አባቴን ወለዱ፣ አድዋ ዘምተው ተመለሱ። እዚያ የቀሩባቸው ነበሩ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። «የቀሩት እነማን ናቸው?» ብዬ ስጠይቃት «እኔ ምን አውቄ! አባቴም ሲነግረኝ እዚህ ላይ ዝም ይል ነበር» ትለኛለች። ቤተሰቡ በሙሉ የተረዳው ምንዥላታችን ልጆች ጥለው እንደ መጡ ነው። እኔም ይህንኑ ይዤ አደግሁ። ልጅ ሆኜ ስለ ጎንደር በሬዲዮ ሲወራ ስሰማ፣ ከሚያወሩት ሰዎች መካከል አንዱ ዘመዴ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር።

ዳዊቱ እስከ ዛሬ ድረስ እናቴ ዘንድ አለ፤ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታኖረዋለች። ቁመቱ ከስንዝር ትንሽ ይበልጣል። ከሁለቱ የእንጨት ገበታዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። የቆዳ ማኅደሩ ከጢስና ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ማንገቻው ተበጥሶ በምትኩ የጨርቅ ገመድ ገብቶለታል። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሴት ነኝ፤ ፊደሉን አነባለሁ፣ ግእዙ ግን ያመልጠኛል። ባለፈው ወር እናቴ ከብዙ ልመና በኋላ እንድከፍተው ፈቀደችልኝና የመጨረሻውን ገጽ አየሁት።

ከላይ «ዝንቱ መዝሙር ዘ…» ይልና የባለቤቱ ስም ይከተላል። ስሙ ያረፈበት ቦታ ብራናው ሳስቷል፤ ጣት ሲያርፍበት ይሻክራል፤ የስሙም ቀለም ከሌላው ይልቅ የጠቆረ ነው። ቀጥሎ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» ብሎ «ውጉዘ ይኩን» ብሎ ይጨርሳል። እናቴ ገና ኮረዳ ሳለች አንድ ቄስ «የሰረቀውም፣ የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው» ብለው ተርጕመውላት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ማንም እንዲነካው አትወድም። የሰው መጽሐፍ ሰርቀው፣ ስሙን ፍቀው የራሳቸውን ጽፈው ቢሆንስ ብላ ትፈራለች። ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን ፍርሃት ይዛ ኖራለች።

ከመካከል በሌላ እጅ የተጻፈ፣ አማርኛና ግእዝ የተቀላቀለበት ጽሑፍ አለ። የመሬት ግዢ ይመስላል። «በዘመነ ማርቆስ» ይላል፤ «ጳጳስ አባ አትናቴዎስ» ይላል፤ የንጉሡ ስም ያለበት ቦታ ላይ የጧፍ ሰም ፈስሶበት አይነበብም። ገዢው «ወልደ» ብሎ የሚጀምር ስም አለው። ዋጋው ስድስት ወይም ሰባት ብር ነው፤ ዋስና እማኞች ተጠርተዋል፤ የአንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ስምም አለ። ከታች ደግሞ ምንም ማብራሪያ የሌላቸው አራት ስሞች ተደርድረዋል፤ ሦስቱ «ወልደ»፣ አንዷ «ወለተ»።

ምንዥላቴ የወጡት መቼ ነው? መሬቱን የገዙት እሳቸው ናቸው? አራቱ ስሞች የእነማን ናቸው? መጽሐፉስ የእኛ ነው? ለእናቴ ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።


የድጓ ተማሪ

እህቴ፣ የሒሳብ መምህርት መሆንዎ ደስ አሰኘኝ፤ የያዙት ነገር ግማሹ ሒሳብ ነውና።

«በዘመነ ማርቆስ» ያለው ጸሐፊ ዓመቱን ነግሮዎታል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምሩና ለአራት ያካፍሉ። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። አድዋን ይውሰዱ፤ 1888 ላይ 5500 ሲደመር 7388 ይሆናል፤ ለአራት ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ስለዚህ ዘመነ ዮሐንስ ነበር። ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ ብቻውን አይበቃም። ጸሐፊዎች የጳጳሱንና የንጉሡን ስም የሚጨምሩት ለዚህ ነው።

አቡነ አትናቴዎስ ወደ አገራችን የመጡት በ1861 ዓ.ም. ሲሆን ያረፉት በ1868 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ማርቆስ ሁለት ጊዜ ብቻ ውሏል፤ በ1862 እና በ1866። ከሁለቱ አንዱን የሚቆርጥልዎ ሰሙ ሥር ያለው የንጉሡ ስም ነው። በ1862 ዓ.ም. በዙፋኑ ላይ የነበሩት የዋጉ ጎበዜ፣ ማለትም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ የነገሡት በጥር 1864 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ስሙ ዮሐንስ ከሆነ ዓመቱ 1866 መሆኑ አያከራክርም።

ሁለተኛው ነገር ጎንደር የተቃጠለችው አንድ ጊዜ አለመሆኑ ነው። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ዘርፈው አቃጠሏት። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ በሱዳን ድርቡሾች ከተሸነፉ በኋላ የአዛዣቸው የአቡ አንጃ ጦር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዳቸው። ብዙ ቤተሰብ «ጎንደር ሲቃጠል» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ አያውቅም። የእርስዎ ግን ይታወቃል። በ1862ም ይሁን በ1866 ቤተሰቡ እዚያው ሆኖ መሬት ይገዛ ነበር። ስለዚህ ያፈናቀላቸው ሁለተኛው እሳት ነው። የሳር ውሃ ውጊያም የተደረገው እዚያው ደንቢያ ነው። ከብቱ ያለቀበት፣ ገበሬው የሚያርስበት በሬ ያጣበት ክፉ ቀንም የጀመረው በዚያው በ1880 ነውና፣ ሚስታቸው መንገድ ላይ በረኃብ ሞቱ መባሉ በትክክል ይገጥማል።

አሁን የማይገጥመውን ልንገርዎ። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ምንዥላትዎ በዚያ ዓመት ከተወለዱ፣ መሬቱ በ1862 ቢገዛ ሁለት ዓመታቸው፣ በ1866 ቢገዛ ስድስት ዓመታቸው ነበር ማለት ነው። ገዢው እሳቸው ሊሆኑ አይችሉም። የገዢውን ስምና ከላይ ተፍቆ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ሁለቱም የክርስትና ስሞች ናቸው፤ መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው እርሱ ነው እንጂ እናት ያወጣችው የቤት ስም አይደለም። የቤት ስማቸውን ይዘው ገጹ ላይ ቢፈልጉ አያገኟቸውም።


ብራና ጠባቂ

ለብዙ ዓመታት ከብራና መጻሕፍት ጋር የሠራሁ ሰው ነኝ። ከሁሉ በፊት፦ ሰሙን በጥፍርም ሆነ በቢላዋ እንዳይነኩት፤ ፊደሉ ከሰሙ ጋር ተነቅሎ ይመጣል። ውኃ፣ ዘይት፣ አልኮል አይቅረበው። በፕላስቲክም አያሽጉት፤ ብራና ቆዳ ነው፣ ሲታፈን ይሻግታል። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ መጠቅለሉ መልካም ነው፤ እናትዎ ሳያውቁት ትክክለኛውን አድርገዋል።

ሰም የሸፈነውን ለማየት ቅጠሉን ብቻ ቀና አድርገው ከኋላው መጠነኛ ብርሃን ያብሩ። ሰም ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥቁሩ ቀለም ግን አያሳልፍም። የተፋቀውን ለማየት ደግሞ ክፍሉን አጨልመው የእጅ ስልክዎን መብራት ከገጹ ጋር አግድም፣ ከጎን ያብሩት። ቢላዋ የፋቀው ቦታ ጥላ ይሠራል፤ የብዕሩ ጭረትም ጥልቅ ከነበረ ፊደሉ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ከሦስት ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አንሥተው ያስተያዩ።

ስለ ውግዘቱ እናትዎ እንዲሰሙልኝ የምፈልገው አለ። ከሁለት መጽሐፍ በአንዱ የማየው ነገር ቢኖር ስመ ባለቤቱ ተፍቆ ሌላ ስም መጻፉ ነው። መጽሐፍ ይሸጣል፣ በስጦታ ይሰጣል፣ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል። ውግዘቱ የተጻፈው ሌባ እንዳይደፍር ነው፤ በሕግ ለያዘው ሰው አይደለም።

መሬቱን በተመለከተ፣ እንዲህ ያለው ውል አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ነው። የእርስዎ ዳዊት ላይ ያለው ገዢው ለራሱ ያስቀረው ቅጂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኗ በእሳቱ ጊዜ መጽሐፎቿን አሸሽታ ከሆነ ተጓዳኙ እዚያ ይኖራል። ወደዚያ ከመሄድዎ በፊት ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም ብሔራዊውን ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክርን፣ ይጠይቁ። በ1960ዎቹ በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኔሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ በኢንተርኔት ተመዝግቦ በነፃ ማየት ይቻላል። የገዢውን አባት ለመፈለግ ወደ ኋላ ከሄዱ ደግሞ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ መቅደላ ተሰብስበው እንደ ነበር፣ ከእነዚያም በእንግሊዞች የተወሰዱት ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ እንዳሉ አይርሱ። በእነዚያ መጻሕፍት ጠርዝ ላይም የመሬት ውል አለ።


የአባይ ማዶ ሰው

እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ የአባቴን ወገን ስምንት ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥሬ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። ስለዚህ የብራናውን ነገር ለሚያውቁት ትቼ ስለ ሰዎቹ ልናገር።

በእኛም በደንቢያም ርስት በአባትም በእናትም ይጠየቅ ነበር። ርስት የሚሟገት ሰው ራሱን ከአቅኚው አባት ጋር ማገናኘት አለበት፤ እከሌ እከሌን ወለደ፣ እከሌ እከሊትን ወለደ እያለ በሸንጎ ፊት ሳይደናቀፍ መቁጠር አለበት። አንድ ስም ቢዘል መሬቱን ያጣል። በዚህ ምክንያት ትውልድ እንደ ጸሎት ይጠና ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ሙግት አበቃ፤ ልጆችም መቁጠር ተዉ። ከዚያ በፊት በሸንጎ ቆመው የተከራከሩት ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ናቸው። እኔ ያገኘኋቸው አዛውንት አራት ሰዓት ሙሉ ቆጠሩልኝ፤ በዓመቱ ስመለስ ዐርፈው ነበር። ዘንድሮ መሄድ ከቻሉ ለከርሞ አያቆዩት።

ሲሄዱ «የእከሌን ዘር ታውቃላችሁ?» ብለው አይጀምሩ። የቤተ ክርስቲያኗን ስም ይጥሩና «በዚች ደብር አጠገብ በአቡነ አትናቴዎስ ዘመን መሬት የገዛ ሰው ነበር፤ መሬቱን ማን ወረሰው?» ብለው ይጠይቁ። መሬት የወረሰውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ የተሰደደውን ግን ማንም አያስታውሰውም። ሴቶቹን ነጥለው ይጠይቁ። የአያቴን እህት ባላገኝ ኖሮ የዘር ሐረጌ ግማሹ ባዶ ይቀር ነበር፤ ወንዶቹ የቆጠሩልኝ ወንዶቹን ብቻ ነበር።

አያትዎ «እዚያ የቀሩባቸው ነበሩ» ሲሉ የግድ ልጆችን ማለታቸው አይመስለኝም። ወንድምም እኅትም ይቀራል። በሃያ ዓመቱ ከእሳት የሸሸ ሰው ስንት ልጅ ሊኖረው ይችላል?

ስለ አድዋ ደግሞ የተራ ዘማች ስም ከዜና መዋዕል አይጠብቁ። በማን ሥር እንደ ዘመቱ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ነገር ካለ እርሱን ይያዙ።


የድጓ ተማሪ

የአባይ ማዶው ወንድሜ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከታች የተደረደሩት አራት ስሞች በጸሎት እንዲታሰቡ የተጻፉ የቤተሰብ ስሞች ይመስሉኛል። ዳዊት የሚደግም አባት የልጆቹን የክርስትና ስም መጨረሻው ገጽ ላይ ማስፈሩ የተለመደ ነው። ከላይ ያለው ስም ከአራቱ አንዱ መሆን አለመሆኑን ይዩልን።


የደንቢያዋ ልጅ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፤ ይቅርታ። መልሳችሁን ሁሉ አትሜ ለእናቴ አነበብሁላት። «በሕግ ለያዘው ሰው አይደለም» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ምንም ሳትናገር ተነሥታ ሳጥኑን ከፈተች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ዘግተን ተቀመጥን። ልጄ የስልኩን መብራት ያዘ፤ እኔ ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ቀና አደረግሁ። ሰሙ ከኋላ ሲበራበት እንደ ማር ቀላ፤ በመካከሉም ሁለት ፊደላት ጥቁር ሆነው ታዩ፤ «ንስ»። ተክለ ጊዮርጊስ በ«ንስ» አያልቅም። ዮሐንስ ነው፤ ዓመቱም 1866 ነው። 7366 ለአራት ሲካፈል ሁለት ይቀራል። በዕድሜዬ ስንት ሺህ ጊዜ አካፍያለሁ፤ ቀሪውን ሳይ ዓይኔ እንባ ያቀረረው ግን ያን ዕለት ነው።

ወደ ተፋቀው ስም ሄድን። መብራቱን ከጎን ስናደርገው መጀመሪያ የታየን የቢላዋው ጭረት ብቻ ነበር፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሄዱ ቀጫጭን መስመሮች። ልጄ መብራቱን ዝቅ ሲያደርገው ከአዲሱ ስም ሥር አሮጌው ብቅ አለ፤ «ወልደ»፣ ከዚያ ወደ ግራ የታጠፈ እግር ያለው ፊደል። የገዢውን ስም ከመካከለኛው ጽሑፍ ላይ አየን። ያው ፊደል ነው፤ የእግሩ አጣጣፍ ሳይቀር ያው ነው። መጽሐፉ አስቀድሞ የገዢው ነበር፤ መሬቱን በስድስት ወይም በሰባት ብር የገዛው ሰው።

ቀጥሎ በላዩ የተጻፈውን ስም ልጄ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ወልደ» ብሎ ቀጣዩ ፊደል ላይ ሲደናቀፍ እናቴ ከኋላችን ስሙን ጨረሰችው። ዞር ብለን አየናት። እሷም ከአፏ መውጣቱ ገርሟት ነበር። ልጅ ሳለች አያቷ እጇን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይወስዷት ነበር፤ ቄሱም ስለ ሙታን ሲጸልዩ የአያቷ አባት ስም ይህ ሆኖ ሲጠራ ትሰማ ነበር። ከሰባ ዓመት በላይ ማን እንደ ሆነ ሳታውቀው ይዛው ኖራለች። የምንዥላቴ የክርስትና ስም ነው። ከታች ካሉት አራት ስሞችም ሁለተኛው እርሱ ነው።

ስለዚህ እኔ እንደሚገባኝ ገዢው አባታቸው ናቸው፤ የእኔ እንጅላት። አራቱ የገዢው ልጆች ናቸው፤ ዳዊቱም ከአባት ወደ ሁለተኛው ልጅ ዞሯል። ለምን ወደ ሁለተኛው እንደ ዞረ አላውቅም፤ ታላቁ በድርቡሽ ጊዜ ሞቶ ይሆን እያልሁ አስባለሁ፤ ግን ግምት ነው። የቤተ ክርስቲያኗን ወንጌል ሳላይ ምንም ነገር ተረጋግጧል አልልም። ደንቢያ የቀሩት ግን ልጆች ሳይሆኑ ሁለት ወንድሞችና አንዲት እኅት ይመስሉኛል። «ወለተ» የምትለዋ ስም ከሌሎቹ ቀጠን ባለ ብዕር፣ በመጨረሻ የተጨመረች ናት። ስሙን ሲጽፉ ታናሽ ሕፃን ሳትሆን አትቀርም።

የአባይ ማዶ ወንድሜ፣ ምክርህን ይዤ ደንቢያ ውስጥ ቆላ ድባ ዘመድ ባላት የሥራ ባልደረባዬ በኩል መልእክት ልኬአለሁ፤ የላክሁት ጥያቄ መሬቱን የሚመለከት ነው። ስለ ሴቶቹም ጠይቃልኛለች። እስካሁን መልስ አልመጣም። ስሄድ ዳዊቱን አልወስድም፤ ፎቶውን ነው የምይዘው። ብራና ጠባቂ፣ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን በማይክሮፊልሙ ዝርዝር ውስጥ ፈልጌ አላገኘኋትም፤ የስሟ አጻጻፍ ሌላ ይሆን እንደሆነ በሁለት በሦስት መንገድ እየሞከርሁ ነው።

እናቴ በበነጋው ማለዳ ተነሥታ አምስት ስሞች በንጹሕ ወረቀት ላይ አሰፈረች፤ አባቱን ከላይ፣ አራቱን ከሥር። ሲጠሩ እንዳይሳሳቱባት በትልልቁ ጻፈቻቸውና ለነፍስ አባቷ ሰጠቻቸው። ዳዊቱ አሁን ሳጥን ውስጥ አይደለም፤ ከራስጌዋ ተሰቅሏል።